ቅቤ የጠጣ ዱላ

የእህቴ ባል ሰብስቤ ዱላ ይሰበስብ ነበር። አባቱ ይህን ስም ሲያወጡለት ሌላ ነገር እንዲሰበስብላቸው አስበው እንደነበር አልጠራጠርም፤ ዘመድ፣ ልጅ፣ ቢጠፋ ቢጠፋ መሬት። እሱ ግን የሰበሰበው የዛሬ መቶ ሠላሳና መቶ አርባ ዓመት ካናዳና አሜሪካ ውስጥ ቤዝቦል የሚጫወቱ ሰዎች ኳስ ይመቱበት የነበረውን ዱላ ነው። አዲሱን በነፃ ቢሰጡት አይወስድም። ጨዋታውንም ቢሆን አይወደውም፤ ቴሌቪዥን ላይ ሲመጣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ያንቀላፋል። የሚወደው እንጨቱን ነው።

እኛ ሰፈር፣ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ላይ፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር ሰዎች የሚያወሩት ሽማግሌዎቹ ዌስተን ድረስ የሄዱበትን ቀን ነው። ያልነበረው ሰው ሁሉ የየራሱን እየጨመረበት አሁን ወሬው ሌላ ሆኗል። እኔ ነበርኩ። እንዲያውም ከሽማግሌዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገራችሁ።

እዚህ የመጣሁት በፈረንጆቹ 2001 እህቴ ያለምወርቅ ስፖንሰር አድርጋኝ ነው። ኢስት ዮርክ ውስጥ ትንሽ የጡብ ቤት ነበራቸው፤ እኔ ምድር ቤቱን፣ ቤዝመንት የሚሉትን ያዝኩ። ጋሼ ሰብስቤ በሱዳን በኩል አድርጎ የመጣው በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው። የተማሪዎች ቢጫ አውቶቡስ ይነዳል። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ካደረሰ በኋላ ከሰዓት እስኪመልሳቸው ድረስ ሥራ የለውም። ሌሎቹ ሾፌሮች ያንን ሰዓት ይተኙበታል ወይም ካርታ ይጫወቱበታል። እሱ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥባቸውን ሱቆችና ሰው ግቢው ውስጥ ዕቃ የሚያወጣባቸውን ጋራዥ ሴሎች ሲያስስ ይውላል። እጀታ የሌለው መጥረቢያ፣ መጥረቢያ የሌለው እጀታ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር ይዞ ይገባል። እህቴ፣ "ፈረንጅ የጣለውን ሁሉ እኛ ቤት ያመጣዋል" እያለች ታማርር ነበር።

የመጀመሪያውን ዱላ ያመጣው ግን ለእሷ ብሎ ነው። እህቴ ከአገር ቤት ያስመጣችው ሙቀጫ ነበራት፤ ዘነዘናው መንገድ ላይ ጠፍቶ ቀርቷል። ዘነዘና አምጣልኝ ብላ ስትጨቀጭቀው ከርማ፣ በ2002 ጸደይ ላይ አንድ ቀን እንጨት ተሸክሞ እየሳቀ ገባ። ክንድ የሚያህል፣ ከባድ፣ መያዣውም ጫፉም እኩል ለማለት ትንሽ የቀረው፣ በእጅ የተጠረበ ነገር። ከዳር እስከ ዳር ዘነዘና ነው። ማንም የሀበሻ ልጅ ቢያየው ከዘነዘና ሌላ ስም አያወጣለትም። እህቴ መረቀችው። በማግስቱ ጓሮ ወጥታ ሙቀጫውን በሁለት ጉልበቷ መሃል አድርጋ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት መውቀጥ ጀመረች።

አጥሩን ተደግፈው የሚያዩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ጎረቤታችን ሚስተር ሃሮልድ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የከተማውን የጎዳና ባቡር ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ከጭንቅላት ሰላምታ ያለፈ ከእኛ ጋር ያልተነጋገሩ ሰው። ሃሮልድ ብቻ በሉኝ ቢሉም ጋሼ ሰብስቤ ሽማግሌን በባዶ ስሙ መጥራት አፉ አልታዘዝ ብሎት ሚስተር ሃሮልድ እንዳሉ ቀሩ። ያን ቀን እጃቸውን እያርገበገቡ ለእህቴ የሆነ ነገር ይሏታል፤ እሷ ሰላምታ መስሏት ፈገግ እያለች ትወቅጣለች። እኔ ሮጬ ወጣሁ። ያ ዘነዘና ቅድመ አያቶቻቸው ጓንት ሳያጠልቁ ቤዝቦል በሚጫወቱበት ዘመን የተጠረበ ዱላ መሆኑን ያን ጊዜ ሰማን። ሚስተር ሃሮልድ ቤታቸው ገቡና ከእንጨት የተሠራ ትልቅ የሊጥ መዳመጫ ይዘው ተመለሱ። እህቴን እባክሽ እንለዋወጥ አሏት። ተለዋወጠች፤ እስከ ዛሬም በሱ ነው የምትወቅጠው።

ዱላውን ግን ለራሳቸው አላስቀሩትም። ጠርገው፣ አገላብጠው አዩና ማታ ለጋሼ ሰብስቤ መልሰው ሰጡት። ያገኘኸው አንተ ነህ፣ ያንተ ነው አሉት። በዚህ ተጀመረ።

እነዚያ ቅዳሜዎች አሁን በሐሳቤ ሲመጡ ሆዴ ይባባል። ሚስተር ሃሮልድ ያረጀች ሰማያዊ መኪና ነበረቻቸው። ጠዋት በር ላይ አቁመው ጡሩምባ አይነፉም፤ ሰው ይረበሻል ብለው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ጋሼ ሰብስቤ በመስኮት እያየ እስኪመጡ ይጠብቃል። ከከተማው ወጥተው የገጠር ገበያውን፣ ገበሬ ሞቶ ንብረቱ የሚሸጥበትን ጎተራ ሁሉ ያዳርሳሉ። ኦፍ በሆንኩባቸው ቅዳሜዎች እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ። ሚስተር ሃሮልድ የእንቁላል ሳንድዊች ይዘው ይመጣሉ፤ እህቴ በዳጣ የታሸ ሥጋ ታስይዘናለች። መኪናዋ ውስጥ እሳቸው የኛን፣ እኛ የሳቸውን እንበላለን። ዳጣው ሲያቃጥላቸው መስኮቱን ይከፍቱና ዓይናቸው እንባ እያቀረረ ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው ይላሉ።

ሁለቱ ሲፈልጉ ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነበር። ሚስተር ሃሮልድ ታሪኩን ያውቃሉ፤ ቀለበት ቀለበት ሆኖ ቀለም የተቀባው የትኛው ዘመን እንደሆነ፣ አንድ ጎኑ ዝርግ የሆነው ለምን ያኔ እንደተፈቀደና ኋላ እንደተከለከለ ይናገራሉ። ጋሼ ሰብስቤ ደግሞ እንጨቱን ያሸታል፣ በጥፍሩ ይመታዋል፣ ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጠዋል። ቋንቋቸው ግማሽ በግማሽ ነው የሚገናኘው። ግን አንድ ጎተራ ውስጥ ከአካፋና ከመንሽ መሃል አንዱን ዱላ ስበው ሲያወጡ ሁለቱም እኩል ዝም ይላሉ። ኋላ ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ ገባና ጎተራዎቹ ባዶ ሆኑ፣ ቅዳሜያችንም ቀረ። የዚያን ጊዜ ግን የሚያልቅ አይመስለንም ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። የጋሼ ሰብስቤ አባት ደብረ ሲና ውስጥ ዱላና ከዘራ በመሥራት የታወቁ ነበሩ። ከሳቸው የተማረው ሥራ ከእጁ አልወጣም። ዱላ ሲያገኝ መጀመሪያ በስባሪ ጠርሙስ ይፍቀዋል፤ ቆሻሻውና ሻካራው ልጥ እየሆነ ይወርዳል። ከዚያ ለጋ ቅቤ ይቀባዋል። ከዚያ በወይራ ጭስ ያጥነዋል። ቶሮንቶ ጎጆ ስለሌለ በባርቤኪዩ ምድጃ ውስጥ ነው የሚያጥነው፤ ሰፈሩ ሁሉ ሀበሻ ዱላ ጠብሶ ይበላል ሳይል አይቀርም። ቅቤውን ደጋግሞ ሲያጠጣው እንጨቱ የማር መልክ ያወጣል፣ ያብለጨልጫል። ዱላ ማለት ለሱ ይህ ነው። ያልተፋቀና ቅቤ ያልጠጣ ዱላ ፊቱን ሳይታጠብ ከሰው ፊት እንደወጣ ሰው ነው።

ሚስተር ሃሮልድ እነዚያን ዱላዎች ግድግዳው ላይ ሲያዩ፣ "ልክ እንደ አዲስ አደረግኸው" ይሉት ነበር። ጋሼ ሰብስቤ ደስ ይለዋል። እኔ ፋርማሲ ተቀጥሬ ከካናዳውያን ጋር ብዙ ከዋልኩ በኋላ ነው የገባኝ፤ እነዚህ ሰዎች ሆዳቸው እያዘነ አፋቸው ያመሰግናል። አሮጌ ዕቃ ለሚወድ ሰው እንደ አዲስ ሆነ ማለት ሞተ ማለት ነው። ግን የሰው ዕቃ ነው ብለው ዝም አሉ። የኛ ሰው ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን፣ አንተ ምን ነካህ፣ አበላሸኸው እኮ፣ ብሎ ይገላገል ነበር። ጨዋነታቸው አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

የራሳቸው አንድ ዱላ ነበራቸው። መኝታ ቤታቸው ውስጥ ነው የሚኖረው፤ እኛም ያየነው ከስንት አንዴ ነው። ቅድመ አያታቸው ገበሬ ሆነው ለመንደራቸው ቡድን የተጫወቱበት ነው፤ ከአባት ወደ ልጅ እየወረደ እሳቸው ጋ ደርሷል። በ2011 ዓይናቸው ጨርሶ ሊጠፋ ሲቃረብ ቤቱ ተሸጠና ልጃቸው ሊንዳ ከቤቷ አጠገብ ዌስተን ያለ የአረጋውያን መኖሪያ አስገባቻቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ዕቃ እየጠፋ ያስቸግራል ይባላል። የወጡ ዕለት ያንን ዱላ ይዘው አጥሩ ጋ መጡና ለጋሼ ሰብስቤ ሰጡት። እኔ በሕይወት እስካለሁ ያዝልኝ፣ ከዚያ ሊንዳ ትወስደዋለች አሉት። ጋሼ ሰብስቤ በሁለት እጁ ተቀበለ። ቤት ሲገባ እንባው መጥቶ ነበር። "አደራ ሰጡኝ" አለ ለእህቴ። "ፈረንጅ አደራ ሰጠኝ።"

መቀበሉን ተቀበለ፣ ዱላው ግን ዓይኑን አላስቀምጠው አለ። መያዣው ላይ ጥቁር፣ ደረቅ፣ እንደ ቅርፊት የሻከረ ነገር ተጋግሮበታል። የአንድ መዳፍ ስፋት ያክላል። የተከበረ ሰው ዕቃ እንዲህ ቆሽሾ ሲያይ አንጀቱ አልችል አለ። የልደታቸው ቀን ሲቃረብ በዚያ ቀን አሳምሬ ይዤላቸው እሄዳለሁ ብሎ ወሰነ። ከሌሎቹ ሁሉ አብልጦ ተጠበበበት። ስባሪ ጠርሙሱን እንኳ አዲስ ሰበረ። ጥቁሩን ፍቆ ፍቆ አወረደው፣ ቅቤውን አጠጣው፣ በወይራ አጠነው። ሲጨርስ እውነት ለመናገር እኔ እንደዚያ ያማረ እንጨት አይቼ አላውቅም። እህቴ አዲስ ነጠላዋን አውጥታ ጠቀለለችለት።

እሑድ ነበርና አብሬው ሄድኩ። ከኮክስዌል በባቡር እስከ ኪል፣ ከዚያ በዌስተን አውቶቡስ። መንገዱን በሙሉ ዱላውን እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር። ሚስተር ሃሮልድ መስኮት ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ነጠላውን ገልጦ ጭናቸው ላይ አደረገላቸው። መጀመሪያ አሸተቱ፤ ግንባራቸው ተቋጠረ። ከዚያ ጣቶቻቸው በእንጨቱ ላይ ሄደው ሄደው መያዣው ጋ ደረሱ። ዳሰሱት። አገላብጠው እንደገና ዳሰሱት። የሆነ ነገር የጠፋበት ሰው ኪሱን እንደሚፈትሽ ነው የፈተሹት።

"ይሄ የኔ አይደለም" አሉ።

ጋሼ ሰብስቤ ሳቀ። የርስዎ ነው፣ አጥቤልዎት ነው፣ ጥቁሩን ቆሻሻ አውጥቼልዎት ነው አላቸው።

ከዚያ የልጅነታቸውን ነገር ነገሩን። ልጅ ሆነው እሑድ እሑድ አያታቸው ዱላውን ከመስቀያው ያወርዱና የሳቸውን ትንሽ እጅ ያ ጥቁር ላይ ያስቀምጡላቸው ነበር። ቅድመ አያታቸው ከእርሻ መጥተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ነው የሚጫወቱት፤ ላቡና አፈሩ እዚያ ደርቆ ቀርቷል። ፎቶግራፍ የላቸውም፣ መቃብራቸውም የት እንደሆነ አይታወቅም። "እጁ ነበር" አሉ። "የሱ እጅ እዚህ ነበር፣ እጄን እጁ ላይ ነው የማደርገው።" ከዚያ ዱላውን ወደ ጋሼ ሰብስቤ ገፋ አድርገው፣ ይዘኸው ሂድ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር።

ስንመለስ አውቶቡሱ ባዶ ወንበር ነበረው፤ ጋሼ ሰብስቤ ግን እስከ ቤት ድረስ ቆሞ መጣ። ኮክስዌል ስንወርድ፣ "ቆንጂት፣ አደራ በላሁ" አለኝ።

ያ ክረምት ከባድ ነበር። ስልክ ሲደውል ሊንዳ ታነሣና አባዬ ዛሬ ሰው ማየት አልፈለገም ትለዋለች፣ በትህትና። ሐሙስ ሐሙስ በሁለቱ የአውቶቡስ ሰዓቶች መሃል ዌስተን ድረስ ይሄዳል፤ መግቢያው አዳራሽ ውስጥ ይቀመጥና አይገባም ሲባል ይመለሳል። ግድግዳው ላይ የነበሩትን ዱላዎች ሁሉ አውርዶ ቤዝመንት፣ እኔ የነበርኩበት ክፍል ውስጥ ከመራቸው። እኔ ያን ጊዜ የራሴን አፓርትመንት ይዤ ወጥቻለሁ፤ እህቴ በየቀኑ ኮል እያደረገች አይበላም፣ አይጫወትም፣ ጡት እንደጣለ ልጅ ይቆዝማል ትለኛለች። እኔም ተናደድኩ። በሚስተር ሃሮልድ ተናደድኩ። የአሥር ዓመት ጎረቤት በአንድ እንጨት ይሄን ያህል ይኮረፋል? ይህንን ጋሼ ሰብስቤ ፊት ተናገርኩ። "እንጨት አይደለም" አለኝ። "የሰውየውን ሰው ነው የፋቅሁት።"

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር እህቴ ለሽማግሌ ነገረች። አንደኛው አቶ መንግሥቱ ናቸው፤ አገር ቤት መምህር የነበሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ እሳቸው ጋ የሚሄድ ሰው። ሁለተኛው ሐጂ ዙበይር፣ ዳንፎርዝ ላይ ግሮሰሪ ያላቸው። ሐጂ ነገሩን ሲሰሙ ሳያንገራግሩ እሄዳለሁ አሉ፤ ቅቤውንም ወይራውንም የሸጥኩለት እኔ ስለሆንኩ ከጥፋቱ እጄ አለበት ነው ያሉት። ሦስተኛው አንድ ዲያቆን ነበሩ፤ በዕለቱ የሚሠሩበት ኤርፖርት ሺፍት አልቀየር አላቸውና ቀሩ። ሽማግሌ ደግሞ ከሦስት አያንስም። አቶ መንግሥቱ ወደ እኔ ዞረው፣ "አንቺ መቼም ለማስተርጎም መሄድሽ አይቀርም፣ በዚያው ተቆጠሪ" አሉኝ። ሽማግሌ የሆንኩት እንዲህ ነው፤ ያውም ባል ሳላገባ።

ሊንዳን እኔ አስቀድሜ ደውዬ የኛ ትልልቅ ሰዎች አባትሽን ሊጠይቁ ይፈልጋሉ አልኳት። ስለ ድንጋዩ አልነገርኳትም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ጋሼ ሰብስቤ ከጓሮው ራስ የሚያህል ድንጋይ አምጥቶ በከረጢት ይዞ ነበር። የመኖሪያው በር ላይ ሲደርስ አውጥቶ አንገቱ ላይ አደረገው። እንግዳ የምትቀበለው ልጅ ደነገጠች፤ ምንድን ነው ስትለኝ የባህል ዕቃ ነው ብዬ አሳለፍኩት።

ሚስተር ሃሮልድ ከስተዋል። ሊንዳ ወንበር ደረደረች፣ ሻይ አመጣች። ሽማግሌዎቹ ሻዩንም አልነኩም፣ ወንበሩ ላይም አልተቀመጡም። ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ጋሼ ሰብስቤ በሩ ላይ አንገቱን ደፍቶ ድንጋዩን ተሸክሞ ቀረ። አቶ መንግሥቱ በሚያምር አማርኛ ጀመሩ። እኛ ልንከራከር አልመጣንም፣ ልጃችን አጥፍቷል፣ አልካደም፣ እግርዎ ላይ ልንወድቅ ነው የመጣነው እያሉ ቀጠሉ። እኔ በምችለው አስተረጎምኩ፤ ግማሹ ውበት መንገድ ላይ ቀረ።

ሚስተር ሃሮልድ ግራ ገባቸው። ለምንድን ነው የማይቀመጡት ብለው ጠየቁኝ። እስኪታረቁ አይቀመጡም፣ ውሃም አይቀምሱም አልኳቸው። ስንት ሰዓት ይቆማሉ አሉ። እስኪመሽ፣ ካልሆነ ነገም ይመለሳሉ አልኩ። እሱስ የት አለ? በሩ ላይ ነው፣ ድንጋይ ተሸክሟል። ምን ተሸክሟል? ደግሜ ነገርኳቸው። ሊንዳ አፏን በእጇ ያዘች። እሳቸው ፈጠን ብለው፣ በሉ ይቅር ብያለሁ፣ ምንም አይደለም፣ ይቀመጡ በያቸው፣ ሽማግሌ አታስቁሚ አሉኝ።

ደስ ብሎኝ ተረጎምኩ። ሐጂ ዙበይር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይሄ ከአንገት በላይ ነው" አሉ። "እንግዳ እንዳይደክም ብለው ነው። እንዲህ ያለ ዕርቅ ይዘን አንሄድም። ካሣውን ይቁረጡልን በይያቸው።"

ይህንን መተርጎም አልፈለግኩም ነበር። ተረጎምኩት። የሚስተር ሃሮልድ ፊት ቀላ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሲቆጡ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"የምን ካሣ?" አሉ። "ምን ልትክሱኝ ነው? እጁን ከየት ታመጡልኛላችሁ?"

ለመተርጎም ስዞር ሐጂ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ገብቷቸዋል። ጋሼ ሰብስቤ ነው ከበሩ ላይ፣ በዚያች በሰባራ እንግሊዝኛው የተናገረው።

"ከየትም አላመጣም ሚስተር ሃሮልድ። ቆሻሻ መስሎኝ ነው። የኔ አባት እንዲህ ነበር የሚያከብሩት፣ ዱላን።"

ሚስተር ሃሮልድ ዓይናቸው ባያይም ድምፁ ወደመጣበት ዞሩ። ከዚያ ያንን ነገር አውርደውና ና አሉት። ድንጋዩን አቶ መንግሥቱ ተቀበሉት። ጋሼ ሰብስቤ ቀርቦ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል እጁን ያዙት። መዳፉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ ዕድሜ ልኩን መሪ የጨበጠበት የደደረ መዳፍ ነው። የኔም እንዲህ ነበር አሉ።

ካሣውን የቆረጡት ያን ጊዜ ነው። ከእንግዲህ ዱላውን እንዳትቀባው፣ እንዳታጥበው፣ እንዳታጥነው አሉት። በየቀኑ በባዶ እጅህ ያዘው። ቅድመ አያቴም ሌላ ያደረገው ነገር የለም፣ መያዝ ብቻ ነው። ያንተ እጅ እስኪታይበት ድረስ ያዘው፤ ሐሙስ ሐሙስ እያመጣህ አሳየኝ። ይህንንም ተረጎምኩላቸው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር፤ ጠጡት።

ጋሼ ሰብስቤ ካሣውን ከፈለ። ቤቱ በረንዳ ላይ ዱላውን ጨብጦ ይቀመጣል፤ ዜና ሲያይ ይዞት ነው፣ ስልክ ሲያወራ ይዞት ነው። አዲስ የመጣ እንግዳ ሊመታው የተዘጋጀ እየመሰለው በሩ ላይ ያመነታል። እህቴ ያስቸገራት ሌላ ነው። ከበላ በኋላ እጁን አይታጠብም፤ ቅድመ አያትየው አይታጠቡም ነበር ይላታል። እሳቸው አፈር እንጂ ሽሮ አልነበረም የነኩት እያለች ትጮኻለች። ሐሙስ ሐሙስ ሚስተር ሃሮልድ መያዣውን ዳስሰው ገና ነው ይላሉ። እሺ ይልና ስለ ድሮዎቹ ቅዳሜዎች ያወራሉ፤ የትኛው ጎተራ ውስጥ ምን እንዳገኙ፣ ዳጣው እንዴት እንዳቃጠላቸው። በሚቀጥለው ሐሙስ እንደገና ገና ነው ይላሉ። እንዲህ እያሉ ዓመታት ሄዱ። በ2014 በጋ ላይ እኔ ሳየው መያዣው ቡናማ ሆኖ፣ መሃሉ ጠቁሮ፣ መሻከር ጀምሮ ነበር።

በዚያው ዓመት ሚስተር ሃሮልድ መርሳት ጀመሩ። ሊንዳን በሞተች እህታቸው ስም ይጠሯታል። የጋሼ ሰብስቤን ድምፅ ሲሰሙ የመኖሪያው ሠራተኛ እየመሰላቸው አመሰግናለሁ፣ ምንም አልፈልግም ይሉታል። እሱ ግን ሐሙሱን አልተወም።

በኅዳር መጨረሻ በአንዱ ሐሙስ እኔም ሄጄ ነበር። ሊንዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ጋሼ ሰብስቤ እንደ ልማዱ ዱላውን ጭናቸው ላይ አደረገላቸው፤ ሰላም ቢላቸውም አልመለሱም። መስኮቱን ይመለከታሉ። ጣቶቻቸው ግን በእንጨቱ ላይ ሄደው መያዣው ጋ ደረሱና ቆሙ። መዳፋቸውን ገጥመው አስቀመጡት። ገና ነው ይላሉ ብለን ጠበቅን። ወደ ሊንዳ ዞሩ።

"ሰብስቤ መጥቷል እንዴ?" አሏት።

አጠገብህ ነው፣ አባዬ፣ ይኸው አለች ሊንዳ። እሳቸው ወደ እሱ አልዞሩም፤ እጃቸውንም ከመያዣው ላይ አላነሡም። ጋሼ ሰብስቤ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ከጎናቸው ተቀመጠ። አውቶቡሱን የሚያነሣበት ሰዓት እስኪደርስ አብሯቸው ቆየ።